ቀጠሩኝ

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «ጋሼ ሞርሳ» በሚለው ስም ነው። ሞርሳ የብረት ሠራተኛ ብረቱን ጠፍሮ የሚይዝበት፣ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ በብሎን የሚታሰር መንጋጋ ነው። ስሙን ያወጡለት የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ብየዳ ሲያስተምር አንዴ የያዘውን ተማሪ ሳያስመርቅ አይለቅም ነበር፤ ያረፈደውን ቤቱ ድረስ ሄዶ ከአልጋው ያስነሳል፣ የቀረውን ከኳስ ሜዳ ጎትቶ ያመጣል። ጡረታ ሲወጣ ሚስቱ «አሁን እንኳ እጅህን ላላ አድርግ» አለችው። ሦስት ወር ቤት ተቀምጦ የበርና የመስኮቱን ማጠፊያ ሁሉ እየፈታ መልሶ ገጠመ፤ የሚፈታ ነገር ሲያልቅበት ወደ ሰፈሩ የወጣቶች ማዕከል ሄዶ «ሥራ ስጡኝ» አለ።

ማዕከሉ ከሰፈሩ አዳራሽ ጀርባ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። አንደኛው ወርክሾፕ ነው፤ ስድስት የብየዳ ማሽን አለው፣ አራቱ ይሠራሉ። ሁለተኛው ቢሮ ነው፤ ሁለት ጠረጴዛና አንድ ኮምፒውተር ይዞ፣ ግድግዳው ላይ «ወጣቶችን ከትምህርትና ከሥራ እናገናኛለን» የሚል ጨርቅ ተሰቅሎበታል። ጋሼ ሞርሳ ጠዋት ያስተምራል፣ ከሰዓት በኋላ ያሠለጠናቸውን ልጆች ይዞ ፋብሪካ ለፋብሪካ ይዞራል።

ንዴቱ የሚጀምረው ከዚያ ከሰዓት በኋላው ነው። እሱ ራሱ ሥራ የያዘው በአሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆሞ «መበየድ እችላለሁ» ሲል ባለቤቱ የተሰበረ የመኪና በር ወረወሩለትና «እስቲ አሳየኝ» አሉት። አሳያቸው፤ ዕለቱኑ ቱታ ለበሰ። ዛሬ ብረት የሚወረውር ሰው የለም። የሚጠየቀው የማመልከቻ ደብዳቤና የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው። ሥራ ማንም ያልሰጠው ልጅ የሥራ ልምድ ከየት ያምጣ? ጋሼ ሞርሳ ይህን ላገኘው ኃላፊ ሁሉ ጠይቆ፣ ሁሉም «ልክ ነዎት» ብለውታል። ልክ መሆኑ ግን አንድም ልጅ አላስቀጠረለትም።

ካስተማራቸው ሁሉ እጇ የተባረከው ፍንጣሪ ነበረች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። እናቷ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ናት፤ እናትየዋ ወገቧን ታማ በተኛችበት ዓመት ልጅቷ ትምህርት አቋረጠች፣ በኋላ በማታ ተምራ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች፣ ከዚያ በላይ ያለውን ግን ማን ያስተምራት። ስሟን ያገኘችው ከብየዳው ብቻ አይደለም፤ ቱግ ማለትም ታውቅበታለች። ማዕከሉ የመጣች ቀን የበር ጥበቃው «ሴቶቹ ልብስ ስፌት ነው የሚማሩት» ቢላት፣ «አባባ፣ እርስዎ ስፌት ይችላሉ?» ብላ ጠየቀችው። አልችልም ሲላት «እኔም አልችልም» ብላው ወርክሾፕ ገባች። የምትበይደው መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ነው። ጋሼ ሞርሳ በአውራ ጣቱ ዳብሶ እንከን ሲያጣበት ይናደድ ነበር፤ መምህር ነውና የሚያርመው ነገር ይፈልጋል።

የማዕከሉን ሪፖርት የምትሠራ አንዲት ወጣት ባለሙያ አለች፤ ልጆቹ «ሠንጠረዥ» ነው የሚሏት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ እንዲያውም ሲያማቸው ታሳክማቸዋለች። ኮምፒውተሯ ላይ ግን አራት ዓምዶች አሉ፤ ተመዘገበ፣ ሠለጠነ፣ ተቀጠረ፣ ተዘጋ። ማዕከሉን የሚመራው ዋናው ቢሮ ያሉት ሰዎች የሚያነቡት ሦስተኛውን ብቻ ነው። ሦስተኛው ዓምድ ላይ «አዎ» የተጻፈለት ልጅ አራተኛው በራሱ ይሞላለታል፤ ሥራ አግኝቷልና ፕሮግራሙ ጨርሶታል ማለት ነው።

ነገሩ የተበላሸው በሩብ ዓመቱ የመጨረሻ ቀን፣ ሐሙስ ነው። ፍንጣሪ የብረት አልጋና የተማሪ ዴስክ የሚሠራ ፋብሪካ ማስታወቂያ አውጥቶ ለፈተና ሄዳለች። ጋሼ ሞርሳ ከጠዋት ጀምሮ በአንድ እግሩ ቆሟል። ሰባት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ቀጠሩኝ» አለች። ከኋላዋ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል።

«ምን አልሽ?»

«ቀጠሩኝ ነው የምልዎት፤ ስልኬ ሊዘጋ...» ተቋረጠ።

ሽማግሌው ወደ ቢሮው የገባው እየሮጠ ነው ማለት ይቻላል። «ፍንጣሪን ቀጠሯት» አለ። ሠንጠረዥ ተነስታ አቀፈችው። ሩብ ዓመቱ ሊዘጋ ሁለት ሰዓት ነበር የቀረው፤ ተቀምጣ ሦስተኛው ዓምድ ላይ «አዎ» ብላ ጻፈች፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሪፖርቱን ላከች። የፍንጣሪንም ፎቶ አትማ «ተቀጣሪዎቻችን» የሚለው ሰሌዳ ላይ ለጠፈችው።

አሥር ሰዓት ላይ ፍንጣሪ አቧራ ለብሳ መጣች። ሰሌዳውን አየች፣ ከዚያ ጋሼ ሞርሳን አየችው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ቀጠሩኝ አላልሽም?»

«ለሰኞ ነው የቀጠሩኝ» አለች። «ፈታኙ የለም፣ ሰኞ ነይ አሉኝ።»

ቋንቋችን እዚህ ላይ ቸልተኛ ነው። ሥራ ያገኘም ቀጠሩኝ ይላል፣ ሂድና ሌላ ቀን ተመለስ የተባለም ቀጠሩኝ ይላል። ጋሼ ሞርሳ ስድሳ ሦስት ዓመት ይህንን ቃል ሲናገር ኖሮ አንድም ቀን ተሳስቶበት አያውቅም ነበር። ያን ዕለት የተሳሳተው መስማት የፈለገውን ስለሰማ ነው። ሦስቱም ሳቁ፤ ሠንጠረዥ «ሪፖርቱ ከተላከ በኋላ አይነካም፣ ግን ምን ችግር አለው፣ ሰኞ ትቀጠራለች አይደል?» አለች። ፎቶውም እዚያው ቆየ።

ሰኞ ሄደች፤ ለሐሙስ ቀጠሯት። ሐሙስ ፈታኙ ነበረ፤ አንድ የዴስክ እግር አስበየዳት፣ አገላብጦ አየው፣ «ጥሩ ነው» አላትና ለማክሰኞ ቀጠራት። ማክሰኞ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበር። የሚቀጥለው ሰኞ መብራት ጠፋ። አምስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሲያመላልሷት የፋብሪካው በር ጥበቃ ስሟን ለመደ፣ እሷም የጥበቃውን ልጆች ስም ለመደች። በየምሽቱ ደውላ ቀኑን ብቻ ትነግረዋለች፤ «ቀጠሩኝ» የሚለውን ቃል ሁለቱም አልደገሙትም።

በስድስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ዕለት ማዕከሉ አንድ ደብዳቤ ደረሰው። ድልድይና ትልልቅ የብረት ግንባታ የሚሠራ ድርጅት ከሥራ አጥ ሠልጣኞች መካከል አሥር በያጆች ሊወስድ ነው። ጠዋት ሥራ፣ ከሰዓት ኮሌጅ፤ በሁለት ዓመት ዲፕሎማ ይዘው ቋሚ ሠራተኛ ይሆናሉ። ስም የሚላከው እስከ ዓርብ አሥር ሰዓት ነው። ጋሼ ሞርሳ ደብዳቤውን ቆሞ አነበበው፣ ተቀምጦ ደገመው። ዕድሜውን ሙሉ ይህን የመሰለ ደብዳቤ ሲጠብቅ ነው የኖረው።

«ፍንጣሪን አንደኛ አድርገሽ ጻፊልኝ» አለ።

ሠንጠረዥ ስሟን ስክሪኑ ላይ ሁለቴ ፈለገች። «ስሟ አይመጣም፣ ጋሼ» አለች። «ተዘግታለች። ሥራ አጥ ከሚለው ውስጥ የለችም።»

«ተሳስተን ነው በያቸዋ።»

«እንደገና የምትከፈተው ቀጣሪዋ ያሰናበተበትን ደብዳቤ ስታመጣ ነው። መመሪያው ይኼ ነው።»

«ያልቀጠራት ሰው እንዴት አድርጎ ያሰናብታት?»

«እሱን እኔ ምን ልበልዎት» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። ጋሼ ሞርሳ የዚያን ቀን ምሳ አልበላም።

ረቡዕ ዋናው ቢሮ ሄደ። ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ላኩት፤ ሦስተኛው መስኮት ላይ ያለው ወጣት እጅግ በጨዋ አነጋገር መጀመሪያ ወደነበረበት መለሰው። ሐሙስ ጠዋት ፋብሪካው ሄደ። የሰው ኃይል ኃላፊው ከጠረጴዛው ጀርባ ተነስቶ «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለ። የድሮ ተማሪው ነው፤ ሲበይድ የራሱን የጫማ ማሰሪያ ያቃጠለ ልጅ ነበር፣ አሁን ክራቫት አስሯል።

ጋሼ ሞርሳ ነገሩን ከሥሩ ነገረው። ሲጨርስ «ለመሆኑ ለምን አትቀጥሯትም?» አለ። «ፈታኙ ጥሩ ነው ብሏታል።»

ኃላፊው በሩን ዘጋው። «ከእርስዎ አልደብቅም፤ ቦታው የለም። ማስታወቂያ አውጡ ተባልን፣ አወጣን። በጀቱ አልተፈቀደም።»

«ታዲያ አምስት ሳምንት ምን ይሁን ብላችሁ ነበር የምታመላልሷት?»

«የለም ማለት አይፈቀድልንማ። ይፈቀዳል እየተባለ ነው፣ ጋሼ።»

የዛሬ ሃያ ዓመት ቢሆን ጆሮውን ይዞ ከክፍል ያስወጣው ነበር። ዛሬ ግን የሚፈልገው የስንብት ወረቀቱን ነውና ንዴቱን ዋጥ አደረገው። ኃላፊውም ሊረዳው ፈልጎ መሳቢያውን ሳበ፤ የታተመ የስንብት ቅጽ አወጣ። አንድ ቀን ለሙከራ ቀጥረን አሰናብተናታል ብዬ እጽፍልዎታለሁ አለ። ቅጹ ላይ ሦስት ምክንያቶች አሉ፤ በራስ ፈቃድ፣ በዲሲፕሊን ጉድለት፣ በብቃት ማነስ።

«በራስ ፈቃድ በለው» አለ ጋሼ ሞርሳ።

«በፈቃዱ የለቀቀን ፕሮግራማችሁ መልሶ አይቀበልም፤ ከዚህ በፊት ደርሶብኛል።» ኃላፊው እስክሪብቶውን አንስቶ አሰበ። «ዲሲፕሊን ካልኩ ደግሞ ሌባ ናት ወይ ይላሉ። ብቃት ይሻላል። ብቃት ይሻሻላል።» ሦስተኛው ሣጥን ላይ ምልክት አደረገ፣ ማኅተሙን መታው። «ተሰናባቿ ደርሶኛል ብላ ትፈርምበት፣ በቃ።»

ጋሼ ሞርሳ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ከዚያ ፋብሪካ ሲወጣ የበር ጥበቃው «ለመቼ ቀጠሩዎት፣ አባት?» አለው።

ከሰዓት በኋላ እነ ፍንጣሪ ቤት ሄደ። አንድ ክፍል ነው፤ ሁለት አልጋ፣ መሐሉ መጋረጃ፣ ግድግዳው ላይ ልጅቷ ራሷ የበየደችው የዕቃ መደርደሪያ። እናትየዋ ከሥራ ገብታ እግሯን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች። ወንበር ሰጡት። የድርጅቱን ደብዳቤ ሲያነብላቸው ኮሌጅ የሚለው ጋ ሲደርስ ፍንጣሪ «ይድገሙት» አለችው። ደገመው። ከዚያ ሁለተኛውን ወረቀት አወጣ።

አነበበችው። ረጅም አይደለም፤ እሷ ግን ረጅም ጊዜ ያዘችው።

«ብቃት ማነስ» አለች። «የማን?»

«ስሚኝ፣ ይኼ ወረቀት ነው። በር መክፈቻ ነው። ነገ አሥር ሰዓት ካለፈ...»

«እዚያ ፋብሪካ የበየድኩት አንድ የዴስክ እግር ነው። ጥሩ ነው ብለውኛል። እርስዎ ያስተማሩኝ መጥፎ ነበር?»

«አልነበረም።»

«ታዲያ አልችልም ብዬ እንዴት ልፈርም?»

«ልጄ፣ እኔ ስንቱን ፈርሜ ነው ያሳደግሁሽ?» አለች እናትየዋ ከወንበሯ። «ፈርሚ። ጋሼ ክፉ አይመክሩሽም።»

«እማዬ፣ አንቺን አንሶላ ማጠብ አትችይም ቢሉሽ ትፈርሚያለሽ?»

እናትየዋ እግሯን ከውሃው አወጣች። ጋሼ ሞርሳ ተነሳ፤ ድምፁ ከፍ ብሎ ራሱንም ገረመው። «ወረቀት ነው አልኩሽ እኮ። ማን ያነበዋል?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ዋናው ወረቀት ነው ሲሉን አልነበረም? ማመልከቻችሁ ላይ አንድ ፊደል እንኳ አትሳሳቱ ሲሉን?» እሷም ቱግ ብላለች፤ ግን አልጮኸችም። ወረቀቱን አጥፋ መለሰችለት። «የተሳሳቱት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። ተሳስቻለሁ ብለው በጽሑፍ ይንገሯቸው። እውነቱን ካነበቡ ይገባቸዋል።»

ትክክል ናት፤ ይህን ያውቀዋል። ትክክል መሆኗ ነው ያናደደው፣ ምክንያቱም ትክክል መሆን በዚያ ሳምንት የትም አላደረሰውም። «እሺ፣ በጽሑፍ እነግራቸዋለሁ» ብሎ ወጣ።

ያለውንም አደረገ። ዓርብ ጠዋት ሚስቱን አጠገቡ አስቀምጦ ሙሉ ገጽ ጻፈ፤ «ቀጠሩኝ» የሚለውን ቃል እንዴት እንደሰማው፣ ጥፋቱ የእሱና የእሱ ብቻ መሆኑን፣ ልጅቷ አንድም ቀን ተቀጥራ እንደማታውቅ። ሚስቱ አንብባ «ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ ሆድ ያባባል» አለች። አራት ሰዓት ላይ ለሠንጠረዥ ሰጣት። እሷም አንብባ አፍንጫዋን ጠረገች፣ በስካነር አድርጋ ለዋናው ቢሮ ላከችው። ከዚያ ተቀምጠው ጠበቁ።

ስምንት ሰዓት ላይ መልስ መጣ። ሠንጠረዥ አነበበችለት። «አቤቱታዎ ደርሶናል። በአሥራ አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ታይቶ መልስ ይሰጥዎታል።»

«ዛሬ አሥር ሰዓት ነው የሚዘጋው» አለ ጋሼ ሞርሳ።

«ነግሬያቸዋለሁ።»

ወደ ወርክሾፑ ገባ። ልጆቹ ሄደዋል፤ ማሽኖቹ ጠፍተዋል። የሥራ ጠረጴዛው ላይ የመቆጣጠሪያ መዝገቡ ተዘርግቷል፤ ፍንጣሪ ከምርቃቷም በኋላ ልምምድ እያለች በየቀኑ የፈረመችበት ነው። ፊርማዋ ሁለት ፊደልና ከሥሩ አንድ ጭረት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያስተምር ተማሪ ስለ ተማሪ ሲፈርም ከያዘ አይምርም ነበር፤ በዚህ ምክንያት ያባረረው ልጅ አለ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አወጣ። መዝገቡን እያየ የእሷን ፊርማ ፈረመበት፤ ጭረቷን እንኳ እንደ እሷ ወደ ቀኝ ከፍ አደረጋት።

ሠንጠረዥ ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። «ፈረመች ማለት ነው?»

«ፈረመች።»

አንዴ ቀና ብላ አየችው፣ ከዚያ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። የፍንጣሪ ስም ተከፈተ። ምክንያት በሚለው ሣጥን ውስጥ «የብቃት ማነስ» ብላ ስትጽፍ ጋሼ ሞርሳ መስኮቱን ያይ ነበር። አሥር ሰዓት ሊሆን አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው የአሥሩ ስም ዝርዝር ተላከ።

ድርጅቱ በሚቀጥለው ሳምንት ፈተናውን ሰጠ። አንድ ሽማግሌ መሐንዲስ ሁለት ወፍራም ብረት ሰጥቷት «አያይዥው» አላት፤ ከዚያ በመዶሻ መታው፣ በመጋዝ ቆርጦ ውስጡን አየው፣ ሌሎቹን ፈታኞች ጠርቶ አሳያቸው። አንደኛ ወጣች። ይህን ሁሉ ጋሼ ሞርሳ የሰማው ከራሷ ነው፤ የኮሌጅ መታወቂያዋን ይዛ ወደ ማዕከሉ የመጣች ቀን።

በር ላይ ቆማ መታወቂያውን ሰጠችው። እንዲህ ስትስቅ አይቷት አያውቅም።

«ጋሼ፣ የዚያን ቀን ስለተናገርኩዎት ይቅርታ» አለች። «እናቴ እስካሁን ትቆጣኛለች። ግን አዩ አይደል? እውነቱን ሲጽፉላቸው ገባቸው።»

መታወቂያውን አገላበጠው። ፎቶው ላይ ፀጉሯን አስይዛ፣ ቅንድቧን ሰብስባ ካሜራውን ታፈጣለች።

«ያንን ወረቀትማ ቀደው ጣሉት፣ አይደል?»

«የትኛውን?» አለ፤ የትኛውን እንደምትል እያወቀ።

«ብቃት ማነስ የሚለውን።»

«እሱ የለም» አለ።

ወርክሾፑ ውስጥ አዲሶቹ ሠልጣኞች ከማሽኖቹ አጠገብ ቆመው ይጠብቁታል፤ አሥራ አራት ናቸው፣ ሦስቱ ሴቶች። ፍንጣሪ በትከሻው አሻግራ አየቻቸው።

«አንድ ቀን መጥቼ ላናግራቸው እፈልጋለሁ» አለች። «ሲያመላልሷችሁ አትሰልቹ፣ ያልሆናችሁትን ነን ብላችሁ ደግሞ በማንም ወረቀት ላይ አትፈርሙ እንድላቸው። ያለዚያም እንደሚሆን በእኔ ይዩት። ይፈቅዱልኛል?»

ጋሼ ሞርሳ መታወቂያውን መለሰላት።

«ነይ» አላት። «ንገሪያቸው።»